የቅጂ መብት ሕጉ ይጥበቅ ስንል ለማን ነው?

የቅጂ መብት ሕግ ይሻሻል የሚለው ሐሳብ አሁንም ተነስቷል። በተነሳ ቁጥር ከፊት የሚቀርብልን ሰው አንድ ዓይነት ነው። አልበሙ ተገልብጦ ባዶ እጁን የቀረ ድምፃዊ። መጽሐፉን አዟሪ እጅ ላይ እያየ የቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው ደራሲ። እነዚህ ሰዎች በእውነት አሉ። ካሴት በየሱቁ ሲገለበጥ ኖሯል። ዛሬም መጽሐፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ታትሞ ይሸጣል። ቁጣው ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከቁጣው በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። በእነዚህ ሰዎች ስም የሚረቀቀው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ብሩን የሚያደርሰው እነሱ ጋ ነው ወይ?

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ነው። ስለ ቅጂ መብት የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው፤ ቢሮዎቹም፣ ስቱዲዮዎቹም፣ ማተሚያ ቤቶቹም እዚያ ናቸው። ሕጉ የሚያርፍባቸው ሰዎች ግን እዚህም አሉ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ሃንድአውት የሚያባዙ ልጆች አሉ። መንዝ ውስጥ ሰርግ ላይ ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ አለ። ሸዋ ሮቢት ላይ አጋዥ መጽሐፍ ለማሳተም ብር የሚበደር መምህር አለ። ከነዚህ ሰዎች ተነስቶ ሕጉን ማየት ከአዳራሽ ውስጥ እንደማየት አይሆንም።

መጀመሪያ በእጃችን ያለው ምን ይላል? በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። በ1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መጣ። እሱም በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። የደራሲው መብት ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። የድምፅ ቅጂ ያሳተመ 50 ዓመት፣ የብሮድካስት ድርጅት ደግሞ 20 ዓመት ጥበቃ አለው። ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። የ1996ቱ አዋጅ ሆን ብሎ መብት የጣሰን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣል። የሞራል ጉዳት ካሳው ከ100,000 ብር እንዳያንስም ወስኗል።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ጥብቅ ሕግ ከያዝን ሃያ ዓመት አልፎናል። በነዚህ ሃያ ዓመታት የግጥምና የዜማ ደራሲዎች ኑሮ ተለውጧል የሚል ሰው አላጋጠመኝም። የብዙዎች መልስ «ሕጉ አልተተገበረም» የሚል ነው። እውነትነት አለው። ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

የቀረው ግማሽ ይህ ነው። የቅጂ መብት ይሸጣል፣ ይተላለፋል። ሕጉ «የመብት ባለቤት» ሲል ሥራውን የፈጠረውን ሰው ማለቱ ላይሆን ይችላል። ውሉን የያዘው ሰው ባለቤት ነው። በሙዚቃችን የኖረው አሠራር ደግሞ የታወቀ ነው። ገጣሚው ግጥሙን ይሸጣል። የዜማ ደራሲው ዜማውን ይሸጣል። አቀናባሪው የስቱዲዮ ሥራውን ዋጋ ይቀበላል። አንዴ ተከፍሎ አለቀ። ዘፈኑ ገንኖ አሥር ዓመት በየሰርጉ ቢዘፈን ለገጣሚው የሚመጣለት ሌላ ነገር የለም።

ከዚህ ወጥቶ አዲስ አበባ ግጥም ይዞ የሚሄድ ልጅን አስቡት። ስም የለውም። የሚያውቀው ሰው የለም። የተሰጠውን ዋጋ ተቀብሎ ይፈርማል፤ ካልፈረመ ግጥሙን ይዞ ይመለሳል። ነገ ሕጉ 50 ዓመቱን 70 ቢያደርገው ለዚህ ልጅ ምን ተጨመረለት? ምንም። የተጨመረው 20 ዓመት ውሉን የያዘው ሰው ጋ ሄደ። ቅጣቱ እጥፍ ቢሆንም ካሳውን የሚጠይቀው ውሉን የያዘው ነው። ገዢው ደግሞ ከ60 ዓመት በኋላ ለሚመጣ ገቢ ብሎ ዛሬ ለልጁ አንድ ብር አይጨምርለትም።

ይህ የኛ አገር ድህነት ብቻ ያመጣው ነገር አይመስለኝም። ብሪታንያን እንይ። ሕጉ የሚከበርበት፣ አሳታሚው የሚታወቅበት፣ ደራሲው ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 70 ዓመት የሚጠበቅበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዋና ሥራቸው መጻፍ የሆነ ደራሲዎች መካከለኛ ዓመታዊ የጽሑፍ ገቢ 12,330 ፓውንድ ነበር። በ2022 ወደ 7,000 ፓውንድ ወረደ። በነዚያ ዓመታት የቅጂ መብት አልላላም። የላላው የደራሲው የመደራደር አቅም ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1790 የወጣው የመጀመሪያ ሕጋቸው 14 ዓመት ይሰጥ ነበር፤ ደራሲው በሕይወት ካለ ለሌላ 14 ዓመት ይታደሳል። ዘመኑ እየተለጠጠ ሄዶ በ1998 ከደራሲው ሞት በኋላ 70 ዓመት፣ ለድርጅት ሥራ 95 ዓመት ደረሰ። የ1998ቱ ጭማሪ ያኔ ገና ለሚጻፉ ሥራዎች ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ከ70 ዓመት በፊት ለተጻፉትም ሠራ። የሞተን ሰው ዛሬ ዘመን ጨምረህ ብትሰጠው ሌላ መጽሐፍ አይጽፍልህም። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በ2003 ሲወሰን፣ በልዩነት የወጡት ዳኛ ብሬየር አንድ ቁጥር አስቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 75 ዓመት ከሆናቸው ሥራዎች ገና ገንዘብ የሚያስገኙት 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ለነዚህ 2 በመቶ ሲባል 98ቱ አብረው ተቆለፉ። የተጠቀሙት እነዚያን ጥቂት ሥራዎች የያዙ ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 የድምፅ ቅጂን ዘመን ከ50 ወደ 70 ዓመት ሲያሳድግም የተነገረው ታሪክ የሚያሳዝን ነበር። ወጣት ሳሉ ስቱዲዮ ገብተው የተጫወቱ፣ አሁን ያረጁ ሙዚቀኞች ገቢያቸው ሊቋረጥ ነው ተባለ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ አብዛኛው ብር ለሪከርድ ኩባንያዎችና ለጥቂት ዝነኞች ነው የሚሄደው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ከንቱ አልቀረም። ሕጉ ውስጥ ሁለት ነገሮች ገቡ። ኩባንያው በተጨመሩት ዓመታት ከሚያገኘው ገቢ 20 በመቶውን ለነዚያ ስማቸው ላልወጣ ተጫዋቾች እንዲያስቀምጥ ተደረገ። ከ50 ዓመት በኋላ ቅጂውን ለገበያ ካላቀረበ ደግሞ ተጫዋቹ መብቱን ማስመለስ ይችላል። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ሰው በጊዜው «ለማን?» ብሎ ከጠየቀ ሕግ ውስጥ የሚገባው ነገር ይለወጣል።

የኛም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። ከ1960ዎቹ የሸክላ ዘመን የቀሩት ቅጂዎች 50 ዓመታቸውን ጨርሰዋል ወይም እየጨረሱ ነው። በዚህ ሰዓት ዘመኑን ማራዘም ያንን ድምፅ የሚያቆየው ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን ቅጂ፣ በያዘው ሰው እጅ ነው። ዘፋኙ፣ ወይም የዘፋኙ ልጆች፣ ውል ከሌላቸው ዳር ቆመው ያያሉ።

አሁን ወደ መንዝ ልውጣ። አዝማሪ ሰርግ ላይ ተጠርቶ የሚጫወተው ዜማ ብዙ ጊዜ ደራሲው የማይታወቅ ነው። ከአባት ወደ ልጅ ወርዷል። ግጥሙን ግን እዚያው፣ ከሙሽራው ወገን አንዱ «ተቀበል!» ሲለው ይፈጥራል ወይም ይቀበላል። በሕጉ አዝማሪው ከዋኝ ነው፤ መብት አለው። ነገር ግን አንድ ሰው ጥሩ መቅጃ ይዞ ሰርጉ ላይ ቢገኝ፣ ቀድቶ ቢያሳትም፣ ያለ ጥያቄ ወረቀት የሚኖረው ያ የቀዳው ሰው ነው። ፋይሉም፣ ቀኑም፣ ውሉም እሱ ጋ ነው። አዝማሪው መብቱ እንዳለው ለማስረዳት ጠበቃ ይፈልጋል፣ የመጓጓዣ ብር ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ዩቲዩብ ተመሳሳይ ድምፅን በራሱ ፈልጎ የሚያገኝ ሥርዓት አለው። ማንም ቪዲዮ ሲጭን ከተመዘገቡት ቅጂዎች ጋር ያስተያየዋል። ከተመሳሰለ የማስታወቂያው ገቢ ለተመዘገበው ባለቤት ሊዞር ይችላል። በዚህ ሥርዓት መመዝገብ የሚችለው ግን ብዙ ሥራ በእጁ የያዘና ዘወትር የሚጭን ድርጅት ነው። ማሲንቆውን ብቻ የያዘ ሰው ደጁ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከቃል የወረደ ዜማ በድርጅት ስም ከተመዘገበ፣ ነገ የመንዝ ልጅ የአያቱን ዜማ ተጫውቶ ሲጭን «የሰው ንብረት ነው» የሚል መልእክት ሊደርሰው ይችላል። መድረኮች ይዘትን አስቀድመው በማሽን እንዲያጣሩ የሚያስገድድ አንቀጽ አዲስ ሕግ ውስጥ ቢገባ፣ ይህ የግል ኩባንያ አሠራር የመንግሥት ሕግ ጉልበት ያገኛል ማለት ነው። ከቃል የወረደ ዜማን ማንም ብቻውን ሊይዘው እንደማይችል በግልጽ ሳይጻፍ እንዲህ ያለ አንቀጽ መቀበል ትልቅ ጥፋት ነው እላለሁ።

ሮያሊቲውስ? የ2007ቱ ማሻሻያ ትልቁ ነገር ይሄ ነበር። ሥራን ለንግድ የሚጠቀም ይክፈል፤ ክፍያው በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል ይሰብሰብ። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ሆቴል ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ እያሰማ ደንበኛ የሚስብ ከሆነ፣ ለመብራት እንደሚከፍል ለሙዚቃውም ትንሽ ቢከፍል ፍትሕ ነው። ጥያቄው ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ነው። የዚያ ሆቴል ሙዚቃ ከፍላሽ ነው የሚጫወተው። የደሴ አውቶቡስም እንደዚያው። የትኛው ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተሰማ የሚመዘግብ የለም። መዝገብ ከሌለ ብሩ በምን ይከፋፈላል? የአዲስ አበባ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚያጫውቱት ተቆጥሮ ከሆነ፣ ጣርማ በርን ሲወጡና ሲወርዱ የሚሰሙት የሸዋ ዘፋኞች አይቆጠሩም። ከዚህ የተሰበሰበው ብር ሌላ ሰው ጋ ይሄዳል።

ይህ ስጋት በባዶ የመጣ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 የሙዚቃ ክፍያ ሕጓን ስታሻሽል አንድ ማዕከላዊ ሰብሳቢ ተቋቋመ። በ2021 የኢንተርኔት ሙዚቃ አቅራቢዎች ባለቤቱ ሳይታወቅ የተጠራቀመ 424 ሚሊዮን ዶላር ለዚህ ሰብሳቢ አስረከቡ። ሕጉ በመጨረሻ ባለቤቱ ያልተገኘለትን ብር በገበያ ድርሻ ያከፋፍላል። ብዙ ዘፈን የያዘ ብዙ ይወስዳል። ስሙ ያልተመዘገበው ትንሽ ደራሲ ብር ለትልልቆቹ ይከፋፈላል ማለት ነው። ያ ሁሉ ኮምፒውተርና መዝገብ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ጋ የማከፋፈያውን ደንብ ከመሰብሰቡ በፊት ማየት አለብን። ማኅበሩ በየዓመቱ ከየትኛው ዞን ስንት እንደሰበሰበ፣ ለማን ስንት እንደከፈለ፣ ለራሱ ሥራ ማስኬጃ ስንት እንዳስቀረ በአደባባይ ማሳወቅ ግዴታው ይሁን። ሕጉ ውስጥ ይጻፍ፤ ለመመሪያ አይተው።

ከሙዚቃው ይልቅ ለእኔ ከተማ ቅርቡ ጉዳይ የኮፒ ቤቱ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ከጀመረበት ከ1999 ወዲህ በዙሪያው ያደገው ንግድ አንዱ ይህ ነው። መምህሩ ከሦስት የውጭ መጻሕፍት ምዕራፎች ይመርጣል። አንዱ ተማሪ ወስዶ ያባዛል። መላው ክፍል ከዚያ ይገለብጣል። መጽሐፉን ለመግዛት የሚያስፈልገው ብር የአንድ ተማሪ ቤተሰብ ለወራት የሚኖርበት ሊሆን ይችላል፤ ደግሞም ከተማው ውስጥ አይገኝም። በታች ባሉት ክፍሎችም እንዲሁ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሲገባ መጽሐፍ አልደረሰም ነበር። ልጆች በቴሌግራም በመጣ ፒዲኤፍ ተማሩ። ስልክ የሌለው ከጓደኛው አባዝቶ ያዘ።

አዋጁ ለዚህ በር አልዘጋም። ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማድረግን ይፈቅዳል፤ መጽሐፉን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ግን አይልም። ለማስተማር ማባዛትንም ይፈቅዳል፤ ልኩን እስካላለፈና ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ። ነገር ግን አባዥው ልጅ ተማሪ አይደለም፣ ነጋዴ ነው። እሱ የሚያባዛው «ለማስተማር» ነው ወይስ «ለንግድ»? ይህ ካልተለየ፣ በትንሽ ትርፍ የሚኖር ልጅ ከ100,000 ብር የማያንስ ካሳ ሊጠየቅበት የሚችል ሥራ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ሕንድ ይህንኑ ጥያቄ ፍርድ ቤት ወስዳዋለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅ እና ቴይለር ኤንድ ፍራንሲስ የተባሉት አሳታሚዎች ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ኮፒ ቤትን ከሰሱ። ኮፒ ቤቱ መምህራን የመረጧቸውን ምዕራፎች ጠርዞ ይሸጥ ነበር። ልክ እንደኛው። ከተከሳሹ ጎን ተማሪዎችና መምህራን ቆሙ። ከደራሲዎቹም መካከል ክሱን የተቃወሙ ነበሩ። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2016 ለኮፒ ቤቱ ፈረደ። ለትምህርት የተፈቀደ ነገር በባለሙያ እጅ ስለተባዛ ብቻ ሕገ ወጥ አይሆንም አለ። አሳታሚዎቹም በ2017 ክሱን ተዉት። ይህ ሊሆን የቻለው የሕንድ ሕግ ለማስተማር የሚደረግ ማባዛትን በግልጽ ስለሚፈቅድ ነው። የኛ አዲስ ረቂቅ ይህን በር ያሰፋዋል ወይስ ያጠበዋል? እኔ ማንኛውንም ማሻሻያ መጀመሪያ የምመዝነው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለሸዋ ሮቢቱ መምህር መልስ አለብኝ። እሱም እውነት አለው። ተበድሮ ያሳተመው አጋዥ መጽሐፍ በሳምንቱ ተባዝቶ ሲሸጥ ዕዳው እሱ ላይ ይቀራል። የእሱ መጽሐፍ ገበያ ላይ አለ፣ በአቅም ይገዛል፣ በሙሉ ተባዝቶ መሸጡ ግፍ ነው። ከውጭ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ማባዛትና የእሱን መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ገልብጦ መሸጥ አንድ ተደርጎ መታየት የለበትም። ጥሩ ሕግ እነዚህን ሁለቱን ይለያል። ለእሱ የሚጠቅመው የ10 ዓመት እስራት ማስፈራሪያ ሳይሆን ዞን ላይ በቀላል ወጪ አቤት የሚልበት ቦታና ቶሎ የሚከፈል ካሳ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1965 ሕጓ የመረጠችውም መንገድ አለ። ሰው ቤቱ ሲቀዳ ማሳደድ ትታ በመቅጃ መሣሪያው ዋጋ ላይ ትንሽ ክፍያ ጨመረች፤ ብሩ ለደራሲዎችና ለከዋኞች ይሰበሰባል። ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢታሰብ መጥፎ አይደለም። ብሩ መምህሩ ጋ እንዲደርስ ግን ያው የማከፋፈያው ደንብ ጥያቄ ይመጣል።

ሰሜን ሸዋ ስለ መገልበጥ ከሕጉ ዕድሜ የረዘመ ልምድ አለው። ገዳማቱና አድባራቱ የያዟቸው ብራናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጡ ነው የቆዩት። ቁም ጸሐፊው ሲጨርስ በመጨረሻው ቅጠል የሚያሰፍረው ጸሎት አለ፦ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ ወለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ»። የጻፈውን፣ ያጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የተረጎመውን፣ የሰማውን ሁሉ ይማር ይላል። ከመጽሐፉ ጋር የተገናኘ ሰው ሁሉ ድርሻ አለው። ጸሐፊው ይደክማል፣ ያጻፈው ዋጋውን ይከፍላል፣ አንባቢውም ሰሚውም ይቆጠራሉ። ዛሬ የምናረቅቀው ሕግ ስለ ሰሚው ያለው ነገር እንዲህ ትንሽ መሆኑ ያሳዝነኛል።

እነዚያ ብራናዎች ዛሬ የሚነበቡት በፎቶ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ተነስተዋል፤ ከሸዋ አድባራት የተነሱትም ብዙ ናቸው። ቅጂው ሚኒሶታ ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ዝርዝራቸውን ለዓመታት ተቀምጠው ያዘጋጁት የኛው የሸንኮራ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ያ ቅጂ ባይኖር ብዙ ነገር ጠፍቶ ነበር። አሁን ደግሞ ማንሳቱ በዲጂታል ቀጥሏል። ስለዚህ ከ500 ዓመት በፊት የተጻፈ ብራና ፎቶ ያነሳ ሰው በፎቶው ላይ አዲስ መብት ያገኛል ወይ የሚለው ጥያቄ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 መመሪያው ለሥዕልና ለመሰል ሥራዎች መልስ ሰጥቷል። ዘመኑ ያለፈበትን ሥራ እንዳለ መገልበጥ አዲስ መብት አይፈጥርም። ይህን ዓረፍተ ነገር የሚመስል አንድ አንቀጽ፣ ብራናን በስም ጠቅሶ፣ በሕጋችን ውስጥ ቢኖር የመንዝ ደብር የራሱን መጽሐፍ ምስል ለማተም ከማንም ፈቃድ አይለምንም።

ማሻሻያው አሁን ለምን ተነሳ የሚለውን ካየን ደግሞ ከጀርባው የንግድ ድርድር አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በኛ አቆጣጠር በ1995 ነው። ድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት አለው። ያ ስምምነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1886 የተደረገውን ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል፣ የበርን ስምምነትን፣ ዋና ዋና አንቀጾች ይዟል። ሁለት ነገር ልብ እንበል። ስምምነቱ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ዘመን ከሞት በኋላ 50 ዓመት ነው፤ አለን። 70 አስገቡ የሚል ካለ ከስምምነቱ አልመጣም። ሁለተኛ፣ በጣም ላላደጉ አገሮች የተሰጠው የእፎይታ ጊዜ እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 2034 ተራዝሟል። ይህን ጊዜ ድርድር ላይ አሳልፎ መስጠት ግን ይቻላል። ቡናና ጨርቅ ለመሸጥ ሲባል የተሰጠ ቃል የትርጉም ሥራን ሊያስከፍል ይችላል።

የትርጉም ሥራ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ከበርን ስምምነት ውጭ ቆይታለች። በ1996ቱ አዋጅም የውጭ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው በስምምነት ወይም አገር ውስጥ በመታተም ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው የውጭ ልብ ወለድና ታሪክ በአማርኛ የተነበበው። ብዙዎቻችን የማንበብ ፍቅር የያዝነው ከእነዚህ ትርጉሞች ነው። ክፍተቱ ሲዘጋ ተርጓሚው ለንደን ወይም ኒውዮርክ ላለ ወኪል ይጽፋል፣ በዶላር ይከፍላል፣ ካልመለሱለት ሥራውን ይተዋል። ለውጭው ደራሲ የአማርኛ ገበያ የሚያስገባለት ብር ከቁጥር አይገባም። ለኛ የሚጎድለው ግን አንድ ሙሉ መደርደሪያ ነው።

አሜሪካ ራሷ በዚህ መንገድ ነው ያለፈችው። ከ1790 እስከ 1891 ድረስ፣ መቶ ዓመት ሙሉ፣ ሕጓ ለውጭ ደራሲዎች ጥበቃ አልሰጠም። የእንግሊዝ መጻሕፍት በርካሽ እየታተሙ ያ ሕዝብ አነበበ። የበርን ስምምነት አባል የሆነችው በ1989 ነው። የራሷን ደራሲዎችና አሳታሚዎች ካሳደገች በኋላ ማለት ነው። እኛ ያንን ያህል ጊዜ ይሰጠን አልልም፤ የውጭ ደራሲም ደራሲ ነው። የተሰጠንን እንኳ እንጠቀምበት ነው የምለው። በበርን ስምምነት የ1971 አባሪ መሠረት ታዳጊ አገር ለማስተማርና ለምርምር የሚውል መጽሐፍን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ባለቤቱ ካላስተረጎመው በፈቃድ ሥርዓት ማስተርጎም ይችላል። ልብ ወለድን አይሸፍንም። የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍን ግን ይሸፍናል። አገሩ «እጠቀምበታለሁ» ብሎ ካላስታወቀ ደግሞ አይሠራም። አባል ስንሆን ይህን ማስታወቂያ የሚያስገባ ሰው ከወዲሁ መኖር አለበት።

ማን እንደተጠቀመ ግልጽ የሆነ አንድ የቅጂ መብት ለውጥ ጥቀስ ብባል የማራኬሽ ስምምነትን እጠቅሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመ ነው። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጽሐፍን ያለ ፈቃድ በብሬይል ወይም በድምፅ ማዘጋጀትን፣ ከአገር አገር መለዋወጥንም ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀብላዋለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይህ መብት በፓርላማ የማሻሻያ ክርክር ውስጥ ታግቶ ሲዘገይ፣ ዓይነ ስውራን ራሳቸው ከሰው በ2022 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። እኛ ጋ ማየት የተሳነው ተማሪ ጓደኛው ሲያነብለት በስልኩ እየቀዳ ነው የሚማረው። ስምምነቱን ተቀብሎ የአገር ውስጥ ሕጉ ላይ አንቀጹን በግልጽ አለማስፈር፣ ቤተ መጻሕፍቱም የሚያነብለት ሰው እንዳይመድብ ሰበብ መስጠት ነው።

እና ለግጥም ሻጩ ልጅስ? ለእሱ የሚጠቅም አንቀጽ በዓለም ላይ አለ። የአሜሪካ የ1976 ሕግ፣ ያ ሁሉ የኩባንያ እጅ ያለበት ሕግ፣ ደራሲው መብቱን ከሸጠ ከ35 ዓመት በኋላ ውሉን አፍርሶ መብቱን እንዲያስመልስ ይፈቅዳል። ውሉ ላይ «አላስመልስም» ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው አይይዘውም። ለኛ 35 ዓመት ይበዛል። እኔ 10 ዓመት ይሁን ባይ ነኝ። ዘፈኑ በ10 ዓመት ውስጥ ካልገነነ ገዢው የሚያጣው ነገር የለም። ከገነነ ገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና አቀናባሪው እንደገና ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ በዚያን ጊዜ ስም ይኖራቸዋል። ከዚሁ ጋር ማንኛውም የግጥምና የዜማ ሽያጭ ለየትኛው አጠቃቀም እንደሆነ ለይቶ ይጻፍ፤ ለካሴት የሸጠ ለዩቲዩብ እንደሸጠ አይቆጠር። ረቂቅ አዋጅ እጃችሁ ሲገባ ከቅጣቱና ከዘመኑ በፊት ይህ አንቀጽ መኖሩን ፈልጉ። ከሌለ፣ በክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በኩልም ሆነ በምክር ቤት ተወካያችሁ በኩል ለምን እንደሌለ ጠይቁ።